የለመደች ጦጣና የያዮ ቡና

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" ይላሉ አበው። ይህን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማው የምትታየኝ ጦጣዋ ነበረች። አሁን ግን በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ የራሴ እጅ ነው፤ ቀጥሎም የእናቴ እጅ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ፤ ነገሩ የእኔ ብቻ ስለማይመስለኝ ነው እዚህ ቡለቲን ላይ ለመጻፍ የደፈርኩት።

ተወልጄ ያደግኩት ያዮ ነው። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ከተማችንን ያውቃታል፤ ዝናቡን፣ ጫካውንና ቡናውን ማለቴ ነው። የያዮ ደን ከከፋ ደን ጋር በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ስፋቱ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን፣ በውስጡ ማንም ያልተከለው አረቢካ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ጊዜ ይበቅላል። ዓለም ይህንን ቅርስ ይለዋል። ለእኛ ቤት ግን ቡና ማለት ደብተር፣ ጫማ፣ ጨውና ሳሙና ነው።

ቡና ለቅማችሁ ለማታውቁ ሰዎች አንድ ነገር ላስረዳ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ቡና በአንድ ቀን አይቀላም። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም አንድ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ጥሩ ለቃሚ ቀዩን እሸት ብቻ እየመረጠ ይለቅምና ለቀረው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ሦስት ዙር ይመላለሳል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ቅርንጫፉን ከሥሩ ጨብጦ ወደ ጫፍ ይስበዋል። ቀዩ፣ ጥሬው፣ ቅጠሉ ሳይቀር አብሮ ይወርዳል። በአንድ ቀን ያልቃል። ይሄ ነው እንግዲህ ሽምጠጣ። የተሸመጠጠው ቡና መሬት ላይ ይሰጣል፤ ዶሮ ይመላለስበታል፣ የአፈር ሽታ ይጠጣል፣ ዝናብ ሲመታው ይሻግታል። ገበያ ላይም ዋጋው ዝቅ ይላል።

ሽምጠጣ መጥፎ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ በአካባቢያችን አላየሁም። የልማት ሠራተኞች በየዓመቱ ይናገሩ ነበር። አባቴም ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ኅዳር ሲመጣ ግን መልሶ ይሸመጥጣል። እንግዲህ ይሄ ሰው ሰነፍ ነው እንበል? ወይስ አላዋቂ? ሁለቱም አልነበረም። ለሽምጠጣው ምክንያት ነበረው። ቶሎ ካልለቀመው ጦጣ ወይም ሌባ ይቀድመዋል። ለልጆች ትምህርት ቤትና ለብድር ገንዘብ አሁኑኑ ይፈለጋል። ከሁሉም በላይ ነጋዴው ለቀዩም ለድብልቁም የሚከፍለው ዋጋ ተመሳሳይ ነው። ታዲያ ሦስት ዙር የሚመላለሰው ለማን ብሎ ነው?

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም አካባቢ ግን አንድ ለውጥ መጣ። ኢንቫይሮንመንት ኤንድ ኮፊ ፎረስት ፎረም የተባለው አገር በቀል ድርጅት፣ ኪው ከሚባለው የለንደን የዕፅዋት ምርምር ተቋምና ዩኒየን ከተባለ የእንግሊዝ ቡና ቆይ ኩባንያ ጋር ሆኖ ከያዮ የቡና ማኅበራት ጋር መሥራት ጀመረ። ምክሩ አዲስ አልነበረም። "ቀዩን ልቀሙ፣ መሬት ላይ አታስጡ" ነው የተባለው፤ ያው የድሮው። አዲሱ ነገር ምክሩን ተከትሎ የመጣው ነው። ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ መጣ፤ ቡናውን ቀምሶ ለጥራቱ ጭማሪ የሚከፍል ገዢም መጣ። ያኔ ስንት ዓመት ሲሸመጥጡ የኖሩ እጆች ቀስ ማለት ጀመሩ። እናቴ አንዷ ነበረች። ቅርንጫፉን በግራ እጇ ዝቅ አድርጋ፣ በቀኝ እጇ ቀዩን ብቻ እየለየች ስትለቅም አሁንም ይታየኛል።

እዚህ ላይ ምክር ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ምክር መቀመጫ ሲያገኝ ነው የሚሠራው እያልኩ ነው። መጥፎ ልማድ ባዶ ቦታ ትቶ አይሄድም፤ የሚተካው ነገር ሲመጣ ነው ቦታ የሚለቅ። ይህንን ዓይኔ እያየ አድጌ፣ ለራሴ ሲሆን ግን ሳይገባኝ ቀረ።

ኮሌጅ ስገባ ጫት ቅሜ አላውቅም ነበር። የተጀመረው በፍሬሽማን ዓመት ለፋይናል ፈተና "ለአንድ ሌሊት ብቻ" ተብሎ ነው። ያ ሌሊት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ የሚል ነበር። አምስት ሆነን አንድ ዶርም ውስጥ፣ ኦቾሎኒውና ስኳሩ መሃል ላይ፣ ሃንድአውት እየተገለበጠ፣ ወሬው እየጣመ አነጋን። ፈተናውንም አለፍኩ። ጉድ የሠራኝ ማለፌ ነው! ብወድቅ ኖሮ ምናልባት እዚያው ይቀር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ፈተና ኖረ አልኖረ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ነኝ። ሌሊቱን አፈጣለሁ፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ አንቀላፋለሁ።

በነገራችን ላይ በሐረርም ሆነ በጅማ ወይም በወሎ አባቶች ለዱዓ ተቀምጠው የሚቅሙበትን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም የተነሳሁት፤ ለዚያ ዕውቀቱም ወጉም የለኝም። የማወራው ስለ እኛ ስለ ተማሪዎቹ፣ "ለማጥናት ነው" ስለምንለው ጫት ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ ነው ጫት ትኩሱን ካልሆነ ገዢ የማያገኘው። እንቅልፍንና ረሃብን ያባርራል። እሱ ነው ችግሩ። ያነበብነው ነገር በአእምሯችን ውስጥ ረግቶ የሚቀመጠው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ እንቅልፍን ማባረር ማለት ጎተራ ሳይሠሩ እህል እንደማጨድ ነው። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል። ጠዋት ግን ባዶ ወረቀት አውጥቼ ያነበብኩትን ልጻፍ ስል ርዕሱን እንጂ ሐሳቡን አላገኘውም። ሽምጠጣ ማለት ይሄው ነው፤ የሴሚስተሩን ትምህርት በየጊዜው እየመረጡ እንደመልቀም ቅርንጫፉን ጨብጦ በአንድ ሌሊት ማውረድ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በሁለተኛ ዓመቴ ኅዳር ላይ ገንዘብ አለቀብኝ። ዕዳም ነበረብኝ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ለሃንድአውት ማባዣ ገንዘብ ያስፈልገኛል።"

"ቡናው ገና ነው እኮ ልጄ፤ ጥቂት ቀን ታገሥ።"

"መምህሩ ቀን ቆርጧል እኮ፤ አልችልም።"

መምህሩ ምንም ቀን አልቆረጠም። በሦስተኛው ቀን በቴሌብር ገንዘቡ ደረሰኝ። ከየት አመጣችው ብዬ አልጠየቅኩም።

የካቲት ላይ ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስገባ ከጓሮ ያለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሕፃናት ልብስ ተሰጥቶበት አየሁ። "ቡናው የታለ?" አልኳት እህቴን። "አንተ በደወልክ ማግስት ሸምጥጣ ሸጠችው። ማኅበሩ ጥሬ አይቀበልም፤ ለሰብሳቢ ነው በሰጠችው ዋጋ የሰጠችው" አለችኝ። እናቴ አጠገባችን ቡና እየቀዳች ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችም። ሲኒውን ብቻ አቀበለችኝ።

እንግዲህ ስንት ሰው ደክሞ ከሽምጠጣ ያላቀቀውን እጅ መልሼ ወደ ሽምጠጣ የከተትኩት እኔ ነኝ። በእኔ ልማድ ምክንያት የእናቴ ልማድ ተመለሰ። የአንድ ሰው መጥፎ ልማድ በራሱ ላይ ብቻ የሚቀር የሚመስለው ካለ ይህችን ባዶ አልጋ ያስብልኝ።

ያን ቀን ማታ "ሁለተኛ አልቅምም" ብዬ ማልኩ። ሁለት ሳምንት ያዮ ስቆይ ጫት ትዝ አላለኝም ብላችሁ ታምናላችሁ? ዳንኩ አልኩ። ወደ ዶርም በተመለስኩ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብዬ እየቃምኩ ራሴን አገኘሁት። መሐላው ያዮ ላይ የሠራው እኔ ስለበረታሁ ሳይሆን ዶርሙም፣ ሰዓቱም፣ ጓደኞቼም እዚያ ስላልነበሩ ነው።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ ነገር አለመሆኑን ኋላ ላይ አነበብኩ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን አጥንተው ነበር። እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት መካከል አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ማመን አቅቶት ነበር። የወታደሮቹ ዕድል ሱስ የያዛቸውን ቦታ ትተው መሄዳቸው ነው። የእኛ ችግር ደግሞ ከዕረፍት በኋላ የምንመለሰው እዚያው ክፍል፣ እዚያው ፍራሽ ላይ መሆኑ ነው። ዶርም መቀየር ለማንችል ሰዎች ምን ይበጀናል?

እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ለሁለት ሳምንት ለመተው እንኳ ሳልሞክር፣ በቃምኩ ቁጥር አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፍኩ፦ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በፊት ምን እየሠራሁ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ቅሜያለሁ። ከሰባቱ ስድስቱ የጀመሩት ከምሳ በኋላ ወደ ዶርም ስገባ ነው። ስድስቱም አንድ ጓደኛዬ "እንሂድ እንዴ?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። አምስቱ ደግሞ ያልተሠራ አሳይመንት ባለበት ቀን ነው። ሱስ እንደ ጋኔን ድንገት የሚጥለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሰዓት ጠብቆ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው!

ወረቀቱን ሳየው ቅጠሉ የሚሰጠኝ ሦስት ነገር መሆኑ ገባኝ። አንደኛ፣ ቁጭ የምልበት የታወቀ ሰዓት። ሁለተኛ፣ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው። ሦስተኛ፣ የሚያስፈራኝን አሳይመንት ለመጀመር ድፍረት። ስለዚህ ሦስቱንም በሌላ መተካት ነበረብኝ። ሰዓቱን አልቀየርኩም፤ ያው ከምሳ በኋላ ነው። ሰውየውንም አልቀየርኩም፤ ያንኑ "እንሂድ እንዴ" ባዩን ጓደኛዬን አነጋገርኩትና እሱም ሰልችቶት ኖሮ እሺ አለ። የቀየርነው መንገዱን ነው። ከካፌ ወጥተን ወደ ዶርም ሳንዞር ቀጥታ ላይብረሪ እንገባለን፤ ደብተራችን ጠዋት ይዘነው ስለምንወጣ ዶርም የምንገባበት ሰበብ የለም። አንድ ሰዓት ተኩል የዕለቱን ትምህርት ብቻ እንሠራለን፤ ከዚያ ወጥተን አንድ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተን እናወራለን። ቅጠሉን በስኒ፣ በርጫውን በወሬ ተካነው ማለት ነው።

ሃያ አንድ ቀን ከተደረገ ልማድ ይሆናል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ አባባል የተስፋፋው ማክስዌል ማልትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1960 (እ.ኤ.አ) ካሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ እሳቸው የጻፉት ታካሚዎቻቸው አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ሃያ አንድ ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ነበር። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2009 (እ.ኤ.አ) ባወጡት ጥናት ግን አንድ አዲስ ልማድ ያለ ትግል የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። ለአንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚሄድ ተገምቷል። ደስ ያለኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም ይላሉ። እኔ በአምስተኛው ሳምንት ወድቄያለሁ። የጓደኛችን ልደት ነበር፤ ቃምኩ። ድሮ ቢሆን "አበቃ፣ ተበላሸ" ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እቀጥል ነበር። ያኔ ግን በማግስቱ ከምሳ በኋላ ላይብረሪ ገባሁ። ዋናው እሱ ነው፤ ማግስቱ።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቅሜያለሁ፤ ልዋሽ አልፈልግም። የሁለተኛ ዓመቱን ኤፍ ዘንድሮ እየደገምኩት ነው። ግሬዴ አልተተኮሰም፤ ግን ጠዋት ክፍል ውስጥ ነቅቼ እሰማለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህንን ጽሑፍ ሳነብላቸው "ዋናው ፍላጎት ነው፤ የፈለገ ሰው ይተዋል" አሉኝ። ፍላጎትማ አባቴም ነበረው። እኔም በዚያ ባዶ አልጋ ፊት ቆሜ ስምል ከልቤ ነበር። ፍላጎት ጠዋት ይነሳል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይደክማል። ሌሎች ደግሞ "ችግሩ የኑሮ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ታጭቆ ምን ይደረግ?" አሉኝ። እውነት አላቸው። የእናቴም ታሪክ የሚያሳየው እሱን ነው፤ አልጋውም ገዢውም እያሉ ጥሬ ገንዘብ ሲቸግራት ወደ ሽምጠጣ ተመልሳለች። ስለዚህ አዲሱ ልማድ አንዴ ተተክሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ የደገፈው ነገር ሲወሰድ ይወድቃል።

ይህንን ካልኩ ዘንድ ለትምህርት ክፍላችን መምህራንም በትሕትና አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየዓመቱ ስለ ሱስ ጉዳት ትምህርት ይሰጠናል፤ ጥሩ ነው፤ እኛም እንደ አባቴ ራሳችንን እየነቀነቅን እናዳምጣለን። ግን ውጤታችን በሙሉ በሴሚስተሩ መጨረሻ ፈተና ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ቀስ ብሎ የለቀመውም በአንድ ሌሊት የሸመጠጠውም ዋጋቸው አንድ ይሆናል፤ ልክ ነጋዴው ለቀዩና ለጥሬው አንድ ዋጋ እንደሚሰጠው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ኩዊዝ ብትሰጡን፣ ከምሳ በኋላም አንድ ክፍል ለቡድን ጥናት ቢከፈትልን፣ ይህ ለእኛ የማድረቂያ አልጋና ጭማሪ ዋጋ ነው። ብዙ ወጪ የሚጠይቅም አይመስለኝም።

እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ የእናንተ ልማድ ምናልባት ጫት አይሆንም። ስልክ ሊሆን ይችላል፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቲክቶክ ላይ ማፍጠጥ። አሳይመንት ከሰው መገልበጥም ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን ነገ ለመተው አትማሉ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት በወረቀት ላይ ያዙት፤ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከምን በኋላ። ከዚያ "ይህ ነገር ምን እየሰጠኝ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስታገኙ ለዚያ ሰዓትና ለዚያ ቦታ የሚሆን ሌላ ነገር ፈልጉለት። ጦጣዋ ሸምጥጣ የምትበላው ርቧት ነው፤ "አትሸምጥጪ" ቢሏት አትሰማም።

እናቴ ዘንድሮም ቡናዋን ቀዩን እየለየች ለማኅበሩ አስገብታለች። ገንዘብ እንድትልክልኝ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አልደወልኩም። አንድ ቀን ብቻ ኅዳር ላይ ደውዬ "እማዬ፣ ቡናው ቀላ እንዴ?" አልኳት። "ለዚህ ብለህ ነው የደወልከው?" አለችኝና ሳቀች።